መብራት ሲጠፋ ዓሣዎቹ ምን ይሆናሉ?

የጓሮ ኩሬ አሠራር የሚያሳዩ የውጭ ቪዲዮዎችን የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሁሉም በፓምፑ ይጀምራሉ። በሰዓት ስንት ሊትር ይገፋል? ስንት ዋት ይበላል? ድምፁስ ጎረቤት ይረብሻል ወይ? ፓምፑ አንዴ ከተሰካ ሌት ተቀን እንደሚሠራ ግን ማንም አይጠራጠርም። እኛ ሰፈር፣ ኮተቤ፣ እንዲህ ዓይነት እምነት የለም። መብራት ይሄዳል። አንዳንዴ ለሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴ ለግማሽ ቀን። ትራንስፎርመር ከተቃጠለማ መቼ እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው። ስለዚህ እዚህ ኩሬ የሚሠራ ሰው ስለ ፓምፑ ከመጠየቁ በፊት ሌላ ነገር መጠየቅ አለበት። መብራት ሲጠፋ ዓሣዎቹ ምን ይሆናሉ?

ጥያቄዋ ቀላል ትመስላለች። አንዴ ከተጠየቀች በኋላ ግን የማትነካው ነገር የለም። የማጣሪያው በርሜል የት እንደሚቀመጥ፣ ቱቦው በየት በኩል እንደሚገባ፣ ስንት ዓሣ እንደሚያዝ፣ ምን እንደሚተከል፣ ሁሉም ከእሷ ጋር ይያያዛል። ይህን የምጽፈው "ምርጡ ፓምፕ የቱ ነው?" እያሉ ለሚጠይቁኝ ሰዎች ነው። በቃል ስመልስላቸው ወሬው ይረዝምና ይሰለቻሉ። እዚህ ቢያንስ ሲሰለቻቸው ዘለው ማለፍ ይችላሉ።

ኩሬዬ ትልቅ አይደለችም። ርዝመቷ 3 ሜትር፣ ወርዷ 2 ሜትር፣ ጥልቀቷ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ሲባዛ 4,800 ሊትር ይመጣል። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ ሒሳቡ ሁሉ ከእሷ ይነሳል። ከሥር የተነጠፈው ጂኦሜምብሬን ነው፤ ገጠር ውስጥ ለውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ የሚያነጥፉት ጥቁር ፕላስቲክ። በሲሚንቶም መሥራት ይቻላል። ግን ከአዲስ ሲሚንቶ የሚወጣው ኖራ የውሃውን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድና የአልካሊ መለኪያውን፣ ከፍ ያደርገዋል፤ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ደጋግሞ መሙላትና መድፋት ያስፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቅንጦት ነው።

ዓሣዎቹ ጎልድፊሽና ጥቂት ካርፕ ናቸው። "ለምን ቆሮሶ አላደረግህም? እሱ እንኳ ይበላል" የሚለኝ ብዙ ነው። ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚባለው፣ ሙቀት ይወዳል። በደንብ የሚያድገው ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ምግብ ይተዋል። የኮተቤ የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ እንኳን ለቆሮሶ ለሰውም አይመችም። ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ብኖር ሌላ ነገር ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ኩሬዬን ባየች ቁጥር "ለሁዳዴ ነው አይደል?" ትለኛለች። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ የእኔዎቹ ለዓይን ብቻ ናቸው።

ወደ ማጣሪያው እንምጣ። ብዙ ሰው ማጣሪያ ሲባል ወንፊት ነው የሚታየው። ገለባው ከላይ ይቀራል፣ ዱቄቱ ያልፋል። ይሄ ግን የሥራው ግማሽ ነው፤ ያውም ቀላሉ ግማሽ። ዋናውን መርዝ ዓይን አያየውም። ዓሣ ከሚበላው ፕሮቲን የተረፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ፣ በሚተነፍስበት አካል፣ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያስወጣዋል። ያልተበላ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ስንጥብ ያቃጥላል፤ ሲበዛ ይገድላል። ውሃው ሲሞቅና ፒኤቹ ሲጨምር ደግሞ ይብስበታል። ይህን የሚያስወግድልን ስፖንጁ አይደለም፣ ባክቴሪያ ነው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላኛው ወገን ያንን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት ዓሣን ያን ያህል አይጎዳም፤ ለጎመን ደግሞ ማዳበሪያ ነው። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያሳደጋቸው እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ነው። ሰውየው አፈር ነበር የሚያጠናው፤ የጓሮ ኩሬ በሐሳቡም አልነበረ።

ባክቴሪያዎቹ የሚፈልጉት ጥቂት ነው። የሚለጠፉበት ሸካራ ገጽ፣ አሞኒያና ኦክስጅን። የፓምፑ ሥራ ይህንን ማመላለስ ብቻ ነው። እሱ ራሱ ምንም አያጸዳም። ለዚህ ነው ፓምፑ ሲቆም ችግሩ ከኩሬው ይልቅ በርሜሉ ውስጥ ቀድሞ የሚጀምረው። ኩሬው ሰፊ ገጽ አለው፣ ከአየር ጋር ይገናኛል። በርሜሉ ግን ጠባብና ጥልቅ ነው፤ በባክቴሪያ ተጨናንቋል። ውሃ መፍሰሱን ካቆመ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቃል። ከዚያ በኋላ ጠቃሚዎቹ እየሞቱ፣ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩት ይነግሣሉ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ውሃ በርሜሉ ውስጥ ካገኛችሁ ታሪኩ ይሄ ነው። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ፓምፑ ማንንም ሳያማክር ይነሳና ያንን ውሃ በሙሉ ዓሣዎቹ ላይ ይደፋዋል። ሰው "መብራት ጠፍቶ ሞቱብኝ" ይላል። ብዙ ጊዜ የገደላቸው ግን የመብራቱ መምጣት ነው።

እንግዲህ ማጣሪያውን ስናስብ ይህን ይዘን ነው።

በርሜል ፍለጋ የሄድኩት ምን አለሽ ተራ ነው። መርካቶን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እዚያ የማይገኝ ነገር የለም፣ የማይጠየቅ ዋጋም የለም። ባለ 200 ሊትር ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል በሽበሽ ነው። ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው "ምን ነበረበት?" የሚለው ነው። ዘይት ወይም ሌላ የምግብ ነገር የነበረበት ታጥቦ ይሆናል። ኬሚካል የነበረበት፣ በተለይ ክዳኑን ስትከፍቱት አፍንጫ የሚወጋ፣ በነፃም ቢሰጧችሁ ለዓሣ አይሆንም። ነጋዴው "ሳሙና ነው የነበረበት፣ ምንም አይልም" ቢላችሁም እለፉት። ሳሙና ምንም አይልም የሚል ሰው ዓሣ አርብቶ አያውቅም።

አንድ በርሜል ብቻ ነው የተጠቀምኩት። ሥራው ጭቃውንና ኩሱን ማስቀረት ነው። ውሃው ከፓምፑ መጥቶ በርሜሉ ግርጌ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ሲረጋጋ ከባዱ ነገር ይዘቅጣል። ከላይ በኩል የተቆለለው ስፖንጅና የተጎነጎነ የፕላስቲክ ገመድ የቀረውን ይይዛል። ግርጌው ላይ ትልቅ ሳራቼኒስካ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ፣ አለ። እሱን ስከፍተው ዝቃጩ በሙሉ ወደ ጎመኑ መደብ ይፈሳል። ይቺ ሳራቼኒስካ ከፓምፑ በላይ ጠቃሚ ናት ብል አላጋነንኩም። ዝቃጭ የማይወጣለት በርሜል ውሎ አድሮ የአሞኒያ ፋብሪካ ይሆናል።

ለባክቴሪያዎቹ ግን በርሜል አልሰጠኋቸውም። የሰጠኋቸው የቲማቲም ሳጥን ነው። አትክልት ተራ ቲማቲም የሚጫንበት፣ በየጎኑ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሳጥን። ሦስት ሳጥን አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ኩሬው ጠርዝ ላይ ቆሟል። ከበርሜሉ አናት የሚወጣው ውሃ በተበሳሳ የፒቪሲ ቱቦ አልፎ ላይኛው ሳጥን ላይ ይርከፈከፋል። ከዚያ እየተንጠባጠበ ከሳጥን ሳጥን ይወርዳል፣ በመጨረሻ ኩሬው ውስጥ ይገባል። ሳጥኖቹ ውስጥ ውሃ አይጠራቀምም። ጠጠሩ ይረጥባል እንጂ አይሰምጥም።

ለምን ይህን መረጥኩ? መብራት ሲጠፋ ሳጥኖቹ ውስጥ አየር አለ። ባክቴሪያዎቹ በረጠበ ጠጠር ላይ ተለጥፈው፣ ኦክስጅናቸውን ከአየር እየሳቡ ለሰዓታት ይቆያሉ። ጠጠሩ እስካልደረቀ ድረስ አይሞቱም። ፀሐይ የበረታ እንደሆነ እርጥብ ጆንያ ጣል ማድረግ ነው። ሳጥኖቹ ውስጥ የሚበሰብስ የታቆረ ውሃ የለም፤ ስለዚህ መብራቱ ሲመለስ ከእነሱ ኩሬው ላይ የሚደፋ መርዝም የለም። በዚያ ላይ ውሃው ሲንጠባጠብ ኦክስጅን ይጠግባል። ጉዳቱ አንድ ነው። በብርድ ሌሊት ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። ለጎልድፊሽና ለካርፕ ግድ የለም። ቆሮሶ ቢሆን አልደፍረውም ነበር።

ጠጠሩ የትም የሚገኝ ነው። ለግንባታ ሙሌት የሚገለበጠው ቀይ ጠጠር፣ ሬድ አሽ የሚሉት። እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው፤ ቢሾፍቱ አካባቢ ኮረብታ ሙሉ ይቆፈራል። በየውስጡ ቀዳዳ ነው፤ ለባክቴሪያ ከዚህ የተሻለ ቤት አይገኝም። ውጭ አገር ይሄው ድንጋይ በሚያምር ከረጢት ታሽጎ በኪሎ ይሸጣል። እኛ ጋ በገልባጭ መኪና መንገድ ላይ ይበተናል። ከሽምብራ የሚበልጠውን፣ ከእንቁላል የሚያንሰውን መርጦ ማጠብ ብቻ ነው። የማጠቡ ነገር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ቀዩ ውሃ የማያልቅ ይመስላል። ጠጠር መሸከም የማይፈልግ ሰው የሃይላንድ ክዳን ያጠራቅም። ካፌ ቤቶች ቢለመኑ በፌስታል ይሰጣሉ። ክዳን እንደ ሬድ አሽ ብዙ ገጽ ባይኖረውም ቀላል ነው፣ አይደፈንም።

አሁን ስለ ፓምፑ ማውራት ይቻላል። ሰፈራችን ያለው ቧንቧ ሠራተኛ ጎበዝ ልጅ ነው። መጀመሪያ ሲመጣ "ጋሼ፣ ሮቶ ላይ ውሃ የሚያወጣው ሞተር እያለልዎት ምን አዲስ ያስገዛዎታል?" አለኝ። የቤት ሞተር ለሥራው ግሩም ነው። ሥራው ግን ውሃ ፎቅ ላይ ማውጣት ነው። ባለ ግማሽ የፈረስ ጉልበቱ ቢያንስ 370 ዋት ይበላል። ሌት ተቀን ለአንድ ወር ቢሠራ ቢያንስ 266 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ የሚሰጠውን ግፊት ደግሞ ኩሬ አይፈልገውም። ኩሬ የሚፈልገው ብዙ ውሃ ወደ አንድ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ነገር ነው። ውሃ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ባለ 40 ዋት የፏፏቴ ፓምፕ ይበቃል። በወር 29 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም።

የፓምፑ ካርቶን ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። ለምሳሌ በሰዓት 3,500 ሊትር፣ ከፍታ 2.5 ሜትር። ሁለቱ አብረው አይገኙም። 3,500 ሊትሩ ውሃው ምንም ከፍ ሳይል ነው። 2.5 ሜትር ላይ ደግሞ ጠብታ አይወጣም፤ ውሃው እዚያ ደርሶ ቆሞ ይቀራል። እውነቱ በመካከል ያለ ነው። ከፍታውም የሚለካው ፓምፑ ከተቀመጠበት አይደለም፣ ከኩሬው ውሃ የላይኛው ገጽ ነው። ከውሃው ገጽ እስከ በርሜሉ አናት ያለው ብቻ ይቆጠራል። ይህን የማያውቅ ሰው ጥልቅ ኩሬ ስላለው ትልቅ ፓምፕ ይገዛል።

ቱቦውም ይበላል። ባለ አንድ ኢንች መውጫ ያለውን ፓምፕ በባለ ግማሽ ኢንች ጎማ ብትቀጥሉት ገንዘባችሁን ውሃ በላው። እያንዳንዱ ጎሚቶ፣ የቱቦ ማጠፊያው፣ ፍሰቱን ይቀንሳል፤ በተለይ ቀጥ ብሎ የሚታጠፈው። ሰፋ ያለ ቱቦ፣ ጥቂት ጎሚቶ፣ አጭር መንገድ። በመጨረሻ ካርቶኑን ጥላችሁ ራሳችሁ ለኩ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መውጫው ላይ ደግኑ፣ የስልካችሁን ሰዓት ክፈቱ። በ30 ሴኮንድ ከሞላ በሰዓት 2,400 ሊትር ነው። ለ4,800 ሊትር ኩሬ ይሄ ውሃውን በየሁለት ሰዓቱ አንድ ጊዜ ያዞረዋል። ዓሣው እስካልበዛ ይበቃል። ዓሣ የሚያበዛ ሰው በሰዓት አንድ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ግን ኮተቤ ባይኖር ይሻለዋል።

የበርሜሉ መውጫ ከመግቢያው በጣም መስፋት አለበት። እኔ ጋ መግቢያው አንድ ኢንች፣ መውጫው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ነው። ወደ ውስጥ የሚገፋው ፓምፕ ነው፤ ወደ ውጭ የሚወስደው ግን የራሱ የውሃው ክብደት ብቻ ነው። ጠባብ ከሆነ ወይም ቅጠል ከደፈነው በርሜሉ ሞልቶ ይፈሳል፣ ፓምፑም ኩሬውን ጠጥቶ ግቢ ላይ ይተፋዋል። ለዚያ ቀን ተብሎ ፓምፑ ወለል ላይ አይቀመጥም። ብሎኬት ላይ ይደረጋል። ከሥሩ 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይቀርና ዓሣዎቹ ይተርፋሉ።

ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር የተከራከርነው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ፓምፑ ሲቆም ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቱቦው በርሜሉ ግርጌ ድረስ ስለሚወርድ የበርሜሉን ውሃ እየሳበ፣ ዝቃጩንም ይዞ፣ ኩሬው ውስጥ ይገለብጠዋል። ልጁ "ቼክ ቫልቭ እናስገባ፣ አለቀ" አለ። ቼክ ቫልቭ፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው፣ ለቤት ሞተር ጥሩ ነው። የውስጡን ስፕሪንግ ገፍቶ መክፈት ግን ለትንሽ ፓምፕ ሸክም ነው፤ ኩስ ከያዘው ደግሞ አይዘጋም። እኔ የፈለግሁት ቱቦው ከበርሜሉ ውሃ በላይ ባለበት ቦታ በ4 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አንድ ቀዳዳ እንዲበሳ ነው። ፓምፑ ሲቆም በቀዳዳዋ አየር ይገባል፣ መሳቡ ይቋረጣል። ፓምፑ ሲሠራ ትንሽ ትረጫለች፤ ፊቷን ወደ በርሜሉ ማዞር ነው። ልጁ "ጋሼ፣ ይቺ ትሠራለች ብለው ነው?" አለና በሳው። ብሬከሩን አጥፍተን ጠበቅን። ቱቦው ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። "ሞኝ ቀዳዳ" ብሎ ሳቀ። አሁን ለሌሎች ደንበኞቹም ይበሳል።

ስለ ኤሌክትሪኩ አጭር ነገር ልበል፣ ቀልድ የለውም። 220 ቮልትና ውሃ ናቸው። መስመሩ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ይኑረው። የመሬት ሽቦው በእውነት መሬት የገባ ይሁን። ኤክስቴንሽን ሣር ላይ አይጣል። እጅ ውሃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፓምፑ ይነቀል። ይህን ማሟላት የማይችል ሰው ኩሬውን ያለ ፓምፕ ይያዘው፤ ጥቂት ዓሣና ብዙ ተክል ይበቃዋል።

ከባሕር ወለል ያለን ከፍታም አለ። የውጭ መመሪያዎች የማያነሱት ሌላው ነገር ይሄ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ ጂቡቲ ወደብ ላይ ቢሆን በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ይይዝ ነበር። ኮተቤ 7 አይሞላም። እኛ እንግዲህ የምንጀምረው ከጎደለው ነው። በዚያ ላይ ሌሊት አልጌ፣ ውሃውን የሚያረነጉደው ደቃቅ ነገር፣ እና ተክሉ ኦክስጅን ይተነፍሳሉ እንጂ አይሠሩም። ስለዚህ ኩሬው በጣም የሚቸገረው ሊነጋጋ ሲል፣ ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አድርገው የሚውጡት ነገር ያለ ከመሰለ ረሃብ አይደለም፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው።

የእኔ መድኃኒት ትንሽ የአየር ፓምፕ ናት። 5 ዋት ብቻ ነው የምትበላው። ከአሮጌ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር ከሚያቆየው፣ የወጣች ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በንድፈ ሐሳብ 84 ዋት ሰዓት አላት። ግማሿን ብቻ ብንጠቀም እንኳ ፓምፗን ስምንት ሰዓት ታቆያታለች። ሌሊቱን ለማንጋት በቂ ነው። ትልቁን ፓምፕ በባትሪ ለማስኬድ የሚደክሙ ሰዎች አያለሁ። አያስፈልግም። በዚያች ሌሊት ዓሣው የሚፈልገው አየር ነው፣ ማጣሪያው ይደርሳል። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ምግብ አይሰጥም። ዓሣ ሳይበላ ብዙ ቀን ይቆያል። ያልበላ ዓሣ አሞኒያውም ያንሳል። ልጆች የሚወረውሩት የዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪ ግን መብራት ኖረም አልኖረም ክልክል ነው። ይህን ሕግ የማያከብሩት የእኛ ቤት ልጆች ሳይሆኑ እንግዶች ናቸው፤ ትልልቅ እንግዶች።

ተክልን ብዙ ሰው ለጌጥ ያየዋል። ተክል ናይትሬት ይበላል፣ አሞኒያም በቀጥታ ይወስዳል፤ መብራትም አይጠይቅም። ከሳጥኖቹ ጎን በጠጠር የተሞላ ገንዳ ውስጥ ደንገልና ቄጠማ አለ። ደንገል የጣና ሰው ታንኳ የሚሠራበት ነው፣ እንደ ጉድ ያድጋል። ቄጠማው ደግሞ በበዓል ዋዜማ ስለሚታጨድ ሁለት አገልግሎት አለው። የውጭዎቹ አጥብቀው የሚመክሩት ግን ሌላ ተክል ነው። አበባው ሐምራዊ፣ ሥሩ እንደ ጢም የተንጠለጠለ፣ ውሃ በፍጥነት የሚያጠራ። ስሙን ሳይ ደነገጥኩ። እምቦጭ ነው! ውሃ ማጥራቱ እውነት ነው። ጣናን ግን አይተናል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐይቁን ሲያለብስ ስንት ገበሬ በእጁ ሲነቅል ከረመ። ቆቃ ላይማ ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ታይቷል። የጓሮ ኩሬ በክረምት ሞልቶ ወደ ቦይ ይፈሳል፤ ቦዩ ወንዝ ይገባል። ለዓሣ ብሎ እምቦጭ የሚያመጣ ሰው ካለ እባካችሁ ጎረቤት ሆናችሁ ተቆጡት።

አረንጓዴ ውሃ ብዙ ጀማሪን ያስጨንቃል። ማጣሪያው ተገጥሞ ውሃው አረንጓዴ ሲሆን "ተበላሸ" ይባላል። አልተበላሸም። በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው አልጌ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በስፖንጅ ውስጥ ያልፋል። የሚጠፋው ምግቡ ሲያልቅበትና ጥላ ሲያርፍበት ነው። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ተረጋግተው ለመሥራት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳሉ፤ በብርድ ከዚያም ይበልጣል። በዚያ መሐል ውሃ ሁሉ እየደፉ መቀየር ነገሩን ከዜሮ ማስጀመር ነው። ጥርት ያለ ውሃም ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ አሞኒያ ቀለም የለውም። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስፒሩሊና በሚባል ደቃቅ አልጌ ምክንያት እንደዚያ አረንጓዴ ሆኖ ፍላሚንጎዎችን ይመግባል። የእኔ ኩሬም በየበልጉ ትንሽ ታረነጉዳለች፤ እኔም እተዋታለሁ።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ለእኛ ጤና ነው፣ ለባክቴሪያዎቹ ግን ሞት። ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፤ ከኩሬው በተቀዳ ባልዲ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል። እንደ አዲስ እስኪነጣ ማሸት አያስፈልግም። ወደ ኩሬው የሚጨመረው ውሃ አፉ በተከፈተ በርሜል አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይቆያል፣ ክሎሪኑ ይበናል። ፈረቃችን በሳምንት ሲቆጠር ምን ያህል እንደሆነ የሰፈሬ ሰው ያውቃል። ኩሬው ከማድ ቤቱ ጋር ውሃ የሚሻማ ከሆነ ቤት ውስጥ የሚያሸንፈው ማን እንደሆነም ግልጽ ነው። ጥሩ ማጣሪያ የሚያስፈልገው ውሃ እንደ ልብ ለማይቀይር ለእንደኛ ዓይነቱ ነው።

ስለ ወባ ትንኝ የሚጠይቁኝ አሉ፤ መጠየቃቸው ልክ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከእስያ የመጣችው ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሐር ላይ ነው። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። እሷ ከተማ ውስጥ፣ ሰው ለቤቱ ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ ትራባለች። ዓሣ ያለበትና የሚንቀሳቀስ ኩሬ ለትንኝ አይመችም፤ እጮቹ ሳይውሉ ሳያድሩ ይበላሉ። አደገኛው ክዳን የሌለው በርሜልና የተረሳ ባልዲ ነው። ክሎሪን ለማስለቀቅ የማስቀምጠው በርሜል አፉ ላይ ስስ መረብ የታሰረው ለዚህ ነው።

የቀረኝ የክረምቱ ጉዳይ ነው። የቤታችን ቆርቆሮ 100 ካሬ ሜትር ያህል ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ ከእሱ ብቻ 1,000 ሊትር ይወርዳል። መጀመሪያ የሚወርደው አቧራና የወፍ ኩስ ስለሆነ ወደ ቦይ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ያለው ንጹሕ፣ ክሎሪን የሌለው፣ ፈረቃ የማይጠብቅ ውሃ ነው። ኩሬዋ ግን ሁሉን መቀበል አትችልም። የትርፍ ውሃ መውጫዋ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 110 ሊቀየርና አፉ ላይ ዓሣ የማያሳልፍ ወንፊት ሊታሰርበት ይገባል። ቱቦውንም ማኒኮቶውንም፣ የቱቦ ማገናኛውን፣ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ቧንቧ ሠራተኛው "ጋሼ፣ ቅዳሜ" ብሎኛል። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ሰኔ ከገባ ደግሞ ስልኩን አያነሳም፤ የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ያን ጊዜ ነው የሚያፈሰው።